የአሲዱ ጀሪካን ለምን አልጎደለም?

ግቢው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሰው አውቶማቲክ የኬሚካል መቆጣጠሪያ ሲያስገጥም መጀመሪያ የሚሰማው ነገር «ተገላገልኩ» ነው። ሻጩም የሚለው ይህንኑ ነው። ክሎሪን መለካት ቀረ፣ አሲድ ማፍሰስ ቀረ፣ በእረፍት ቀን ጓንት አጥልቆ ባልዲ ይዞ መንከራተት ቀረ። እናንተ ዋኙ፣ የቀረውን ለማሽኑ ተዉት።

ግማሹ እውነት ነው። ጥሩ ማሽን በእጅ ከሚደረገው ይበልጣል። በየደቂቃው ይለካል፣ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፣ አይረሳም፣ አይሰለችም። የቀረውን ግማሽ ግን ሻጭ አይነግራችሁም። ማሽኑ ከገባ በኋላ ሥራው አያልቅም፤ ቦታውን ይቀይራል። ድሮ ውሃውን ነበር የምትጠብቁት። አሁን ውሃውን የሚለካውን ነገር ትጠብቃላችሁ።

በሙያዬ ኦዲተር ነኝ። ሪፖርት ይዤ መጋዘን እገባለሁ፣ ዕቃ እቆጥራለሁ። ወረቀቱ መቶ ካለ መቶ መኖሩን በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም። ይህ አመል ቤት ድረስ ይከተለኛል፤ ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች። ለገንዳ ግን አመሌ ጠቅሞኛል፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ገንዳችን ትንሽ ናት። ርዝመቷ 8 ሜትር፣ ወርዷ 4፣ አማካይ ጥልቀቷ 1.4። ሲባዛ 45 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል፤ 45 ሺህ ሊትር ማለት ነው። የራሳችሁን ገንዳ ይህን ቁጥር እወቁ። ሌላው ስሌት ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው። ለምሳሌ በ45 ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ ክሎሪንን በ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) ከፍ ለማድረግ 45 ግራም ክሎሪን ይበቃል። ፈሳሹ 10 በመቶ ከሆነ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ትንሽ ነው ነገሩ። ሲሳሳትም በዚያው ልክ በቶሎ ይሳሳታል።

አሠራሩ ሲፈታ ቀላል ነው። የገንዳው ፓምፕ ውሃውን ስቦ በፊልተር ያሳልፋል። ከዚያ መስመር ላይ በተቀጠለ ቀጭን ቱቦ ትንሽ ውሃ ወደ አንዲት ግልጽ የፕላስቲክ ክፍል ይገባል። እዚያ ሁለት ፕሮቦች፣ ማለትም የመለኪያ ዘንጎች፣ ተሰክተዋል። አንዱ ፒኤች ይለካል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ውሃው ወደ አሲድ፣ ሲወጣ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ አልካላይን ያደላል። ሌላው ኦአርፒ የሚባለውን ይለካል፤ ውሃው ጀርምና ቆሻሻን ለማቃጠል ያለውን ጉልበት በሚሊቮልት ይናገራል። ኮንትሮለሩ፣ የማሽኑ አእምሮ፣ ሁለቱን ያነባል። ፒኤች ከታዘዘው በላይ ሲወጣ ከአሲዱ ጀሪካን የሚስበውን ትንሽ ፓምፕ ያስነሳል። ኦአርፒ ከታዘዘው በታች ሲወርድ ከክሎሪኑ ጀሪካን የሚስበውን ያስነሳል። እኔ ጋ ፒኤች 7.4፣ ኦአርፒ 700 ሚሊቮልት ላይ ነው የተሞላው።

ልብ በሉ፤ ኮንትሮለሩ ውሃ አይቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው በሁለት ሽቦ የሚመጣለትን ሚሊቮልት ነው። ሽቦው ማዶ ያለው ፕሮብ ከዋሸ፣ እሱም በሙሉ ልብ ይዋሻል።

አንድ ሰሞን ስክሪኑ ላይ ፒኤች 7.1 ይላል። ጠዋት 7.1። ማታ 7.1። ልጆች ሲንቦጫረቁ ውለው ከወጡ በኋላም 7.1። ለሚያየው ሰው ደስ ይላል። እኔን ግን ከነከነኝ። የገንዳ ውሃ እንዲህ አይረጋም። ፀሐይ ሲመታው፣ ሰው ሲገባበት፣ ዝናብ ሲወርድበት ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ምንም የማይንቀሳቀስ ቁጥር ሳይ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቁጥሩን ነው።

ጀሪካኖቹ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌባቸዋለሁ። የፈሳሹ ልክ የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ አሰምርና ቀኑን እጽፋለሁ። ሄጄ አየሁ። አሲዱ ካለፈው መስመር ንቅንቅ አላለም። ክሎሪኑ ደግሞ በአንድ ሳምንት ይወርድ ከነበረው በጣም አልፎ ወርዷል። ስክሪኑ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል። ጀሪካኖቹ ሌላ ነገር ይላሉ።

የእጅ መለኪያውን አመጣሁ። ክሎሪን ያለበትን ውሃ ሮዝ የምታደርገውን የዲፒዲ ታብሌት የገንዳ ውሃ ውስጥ ስጨምራት ውሃው ጥቁር ሊመስል የደረሰ ሮዝ ሆነ፤ ክሎሪኑ ከሚገባው በላይ ነው ማለት ነው። የፒኤቹ ቀለም ከሰንጠረዡ የመጨረሻ ቀይ አልፏል። ከዚያ ፕሮቡን ነቅዬ አጠብኩና ፒኤች 7 የሆነ ባፈር (ፒኤቹ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ፈሳሽ) ውስጥ ነከርኩት። ስክሪኑ 7.1 አለ። ጥሩ። አጥቤ ባፈር 4 ውስጥ ነከርኩት። ጠበቅሁ። 7.1።

አለቀ። ፕሮቡን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ጫፉ ላይ ያለችው የመስታወት አምፖል ጎኗ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ።

ይህች አምፖል ናት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ። የፒኤች ፕሮብ ጫፍ በጣም ስስ የሆነ ልዩ መስታወት ነው። ከውስጡ የታወቀ ፈሳሽ አለ፣ ከውጭው የእናንተ ውሃ። በሁለቱ መካከል ባለው የፒኤች ልዩነት ልክ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ውጭ ያለው ውሃ 7 ከሆነ ቮልቴጁ ዜሮ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለእያንዳንዱ አንድ የፒኤች እርምጃ 59 ሚሊቮልት ገደማ ይቀየራል። መስታወቱ ሲሰነጠቅ ልዩነት የሚባል ነገር አይኖርም። ፕሮቡ የትም ብትነክሩት ዜሮ አካባቢ ይልካል። ዜሮ ደግሞ ለኮንትሮለሩ 7 ማለት ነው።

ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የሞተ ፕሮብ 2 ወይም 12 ቢል ኖሮ ማንም ያውቅ ነበር፤ ማሽኑም ይጮህ ነበር። እሱ ግን የሚለው 7 ነው። ለገንዳ ጥሩ ከሚባለው ከ7.2 እስከ 7.8 ካለው ቁጥር ጎን። አልጮህ ቢል አይፈረድበትም።

ከዚያ የሚከተለውን ተመልከቱ። ኮንትሮለሩ 7.1 ስላየ አሲድ አይጨምርም፤ የታዘዘው 7.4 ነዋ። ውሃው ግን ፒኤቹ በራሱ ይወጣል። ፈሳሽ ክሎሪን ራሱ በረኪና ነው፣ አልካላይን ነው። በዚያ ላይ ውሃው ሲናወጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ፒኤች ይጨምራል። ፒኤች ሲወጣ የክሎሪኑ ጉልበት ይደክማል። ጀርም ገዳዩ ሃይፖክሎረስ አሲድ የሚባለው የክሎሪን ዓይነት ነው። ፒኤች 7.2 ላይ ከክሎሪኑ ሁለት ሦስተኛው ያህል በዚህ መልክ ይገኛል። 7.5 ላይ ግማሽ ገደማ። 8 ላይ ሩብ ያህል ብቻ። ክሎሪኑ አልጠፋም፤ ደከመ እንጂ። ሲደክም ኦአርፒ ይወርዳል። ኦአርፒ ሲወርድ ማሽኑ «ክሎሪን አነሰ» ብሎ ያፈሳል። ያፈሰሰው በረኪና ፒኤቹን ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል። እንዲህ እያለ ይሽከረከራል። ፕሮቡ አንድ፣ ጥፋቱ ሁለት ቦታ።

እንግዲህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ልጆቹን ከገንዳው አስወጣሁ፣ የክሎሪኑን ፓምፕ አጠፋሁ፣ ፒኤቹን በእጅ አስተካከልኩ፣ ፀሐዩ የተረፈውን ክሎሪን እንዲበላው ተውኩት። ከዚያ አዲስ ፕሮብ።

ፕሮብ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ይህን ልመዱት። በገንዳ ሥራ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ቢያገለግል ወግ ነው። ባይሰነጠቅም ያረጃል። መስታወቱ ይደነዝዛል፣ ውስጡ ያለው የማጣቀሻ ፈሳሽ ይሳሳል። አንድ ተለዋጭ ሁልጊዜ ቤት ቢኖር ደስ ይላል፤ ግን ብዙ ገዝቶ ማከማቸት ዋጋ የለውም። መደርደሪያ ላይ ሆኖም ያረጃልና።

ካሊብሬሽን የሚባለውን፣ ንባቡን በባፈር ማረሙን፣ ብዙ ሰው እንደ ትልቅ ሳይንስ ይፈራዋል። ፍርሃቱ አይገባኝም። የኬሚካል ፓምፖቹን አጥፉ፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወደ መለኪያው ክፍል የሚገባውን ውሃ በቫልቩ ዝጉ። ፕሮቡን ንቀሉ። በንጹህ ውሃ አለቅልቁት፣ በስስ ወረቀት ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁት። መስታወቱን አትሹት፤ መፈተግ ኤሌክትሪክ ያሳድርበታል፣ ንባቡም ይረበሻል። ባፈር 7 ላይ ነክራችሁ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ማሽኑን «ይህ 7 ነው» በሉት። አጥባችሁ ባፈር 4 ላይ ድገሙት። ያገለገለበትን ባፈር ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ። ድፉት።

እኔ ከቁጥሩ በላይ የማየው ፍጥነቱን ነው። አዲስ ፕሮብ ከ7 ወደ 4 በሰከንዶች ይወርዳል። ያረጀው እያመነታ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየወረደ ነው የሚደርሰው። ማሽናችሁ የፕሮቡን ስሎፕ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። በአንድ ፒኤች 59 ይሰጥ የነበረው ከ50 ሚሊቮልት በታች ከወረደ በካሊብሬሽን እየደገፉ ማቆየቱ ራስን ማታለል ነው። ቀይሩት።

በባፈር 7 ብቻ ካሊብሬት የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ። አንዱ እኛ ቤት መጥቶ እንዲሁ አድርጎ ሊሄድ ነበር። «አራቱስ?» አልኩት። «አያስፈልግም ጋሼ፣ ገንዳው ሰባት አካባቢ አይደል» አለኝ። መልሱ ብልህ ይመስላል። ግን ከላይ ያለውን የተሰነጠቀ ፕሮብ አስቡት። ባፈር 7 ውስጥ ከእሱ የተሻለ ትክክለኛ ፕሮብ የለም! ሁለተኛው ባፈር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የኦአርፒው ፕሮብ ይቀላል። ጫፉ ላይ የፕላቲኒየም ቀለበት አለ፤ የሚለካው እሱ ነው። ሲቆሽሽ ይዘገያል። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀለል አድርጎ ማጽዳት ይቻላል፤ ብሩሹ ወደ ፒኤቹ መስታወት እንዳይደርስ ብቻ። ከዚያ በታወቀ መፈተሻ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ 468 ሚሊቮልት በሚለው፣ ነክሮ ማየት ነው። የካልክ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ሁለቱንም ዓይነት ፕሮብ በውሃ የቀጠነ አሲድ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ነክሮ ማውጣት ያጸዳዋል። የሰን ክሬም ቅባት ከሆነ ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብታ ይበቃል።

ፕሮብ እንዲደርቅ ፈጽሞ አትተዉት። ገንዳው ለጊዜው ሥራ ሲያቆም ፕሮቡን ነቅዬ ቆቡ ውስጥ የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ አይሆንም። ንጹህ ስለሆነ ይሻላል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ንጹህነቱ ነው ጉዳቱ፤ ከፕሮቡ ውስጥ ጨዉን ይስበዋል።

አሁን ወደ ኦአርፒ ልመለስ፤ ሰው በብዛት የሚጣላው ከእሱ ጋር ነውና። «ማሽኑ 700 ይላል፣ ታብሌቷ 4 ፒፒኤም ትላለች፤ የቱን ልመን?» ሁለቱንም። የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። ታብሌቷ ስንት ክሎሪን እንዳለ ትናገራለች። ኦአርፒ ያ ክሎሪን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ይናገራል። 650 ሚሊቮልት በተለምዶ የጤናማ ገንዳ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ግን 650 ለመድረስ አንዱ ገንዳ 1 ፒፒኤም ይበቃዋል፣ ሌላው 5 ያስፈልገዋል። ልዩነቱን ከሚያመጡት ውስጥ ዋናው ስታቢላይዘር ነው።

ስታቢላይዘር ማለት ሳያኑሪክ አሲድ ነው። ክሎሪንን ከፀሐይ ይጠብቃል። ጣሪያ የሌለው ገንዳ ውስጥ እሱ ከሌለ የጠራ ፀሐይ አብዛኛውን ክሎሪን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ጥቅም አለው ማለት ነው። ነገር ግን የሚጠብቀው ክሎሪኑን አቅፎ ይዞ ነው፤ የታቀፈ ክሎሪን ደግሞ በኦአርፒ ላይ ብዙም አይታይም። ከ30 እስከ 50 ፒፒኤም ያለው ስታቢላይዘር ማለፊያ ነው። እኔ 30 አካባቢ እይዘዋለሁ። ከ100 ሲያልፍ ኦአርፒ ለመቆጣጠሪያነት አይሆንም፤ ክሎሪን ብታፈሱም ቁጥሩ አይነሳም፣ ማሽኑም ማፍሰሱን አይተውም።

ስታቢላይዘር አይተንም፣ ፀሐይም አይበላውም። ይጠራቀማል። ትራይክሎርና ዳይክሎር የሚባሉት ደረቅ ክሎሪኖች ሁሉ በየጊዜው ይጨምሩታል። ስለዚህ አውቶማቲክ ማሽን ያለው ሰው «ለማጠናከሪያ» እያለ ተንሳፋፊ የትራይክሎር ታብሌት ገንዳው ውስጥ ሲያስቀምጥ ሳይ ያመኛል። ማሽኑን ቀስ በቀስ እያሳወረው ነው። ከበዛ መፍትሔው አንድ ነው፤ የተወሰነውን ውሃ ደፍቶ በአዲስ መተካት።

የእጅ መለኪያ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ውሃውን ከላይ አትቅዱ፤ ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ አስገብታችሁ፣ ኬሚካሉ ከሚገባበት አፍ ርቃችሁ ቅዱ። ሁለተኛው የዲፒዲ ወጥመድ ነው። ክሎሪኑ በጣም ሲበዛ፣ ወደ 10 ፒፒኤም ሲያልፍ፣ ሮዙ ቀለም ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ውሃው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የማያውቅ ሰው «ክሎሪን የለም» ብሎ ይጨምርበታል። ከተጠራጠራችሁ የገንዳውን ውሃ ክሎሪን በሌለው ውሃ እኩል በእኩል አቅጥኑና እንደገና ለኩ፤ ቀለሙ ከተመለሰ የበዛ ነበር ማለት ነው፤ ውጤቱን በሁለት ማባዛት አትርሱ። የፒኤች መለኪያው ፊኖል ሬድም ክሎሪን ሲበዛ ወደ ሐምራዊ ስለሚያደላ፣ በዚያ ሰዓት ፒኤቹን ከእሱ አትስሙ።

የኬሚካል ፓምፖቹ የሚበዙት በሚዞር መንኮራኩር የጎማ ቱቦን እየጨመቁ ፈሳሹን የሚገፉ ናቸው። ሞተሩ ረጅም ዕድሜ አለው፤ የሚሞተው ጎማው ነው። አንድ ቦታ ላይ ሲጨመቅ ሲጨመቅ ይደክማል፣ ክብነቱን ያጣል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። የአሲድ ጎማ ሲሰነጠቅ ደግሞ አሲዱ የሚፈሰው ፓምፑ ላይ ነው። በዓመት አንዴ ሳይበላሽ ይቀየር። ክሎሪኑ ወደ ቧንቧው የሚገባባት አፍ ላይ ደግሞ ነጭ ድንጋይ ይሠራል፤ በረኪና ከውሃው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ነው። ፓምፑ እየዞረ፣ ጀሪካኑ ካልጎደለ መጀመሪያ እዚያ እዩ። ነቅሎ ማጽዳት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በአሲድ ከማጽዳት በፊት ግን በውሃ በደንብ ይታጠብ። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

አሲድና በረኪና ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ተረት አይደለም። ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ግን አውቶማቲክ ማሽን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንድ ቧንቧ እንደሚሰድ ስንቱ ያስተውላል? ውሃው እስከፈሰሰ ድረስ ችግር የለውም፤ እያንዳንዱ ጠብታ በብዙ ውሃ ይቀጥናል። ውሃው ቆሞ ማሽኑ ማፍሰሱን ከቀጠለ ግን ሁለቱ ቧንቧው ውስጥ ይጠራቀማሉ። ከዚያ የገንዳው ፓምፕ ሲነሳ፣ የተጠራቀመው በሙሉ በውሃ መግቢያው አፍ፣ ዋናተኞቹ ፊት ይወጣል። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ እንዲህ ያሉ አደጋዎችን መዝግቧል።

ስለዚህ ሁለት ጠባቂ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ኮንትሮለሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው የገንዳው ፓምፕ ሲሠራ ብቻ እንዲሆን ማድረግ። ሁለተኛው ፍሎው ስዊች ነው፤ ውሃው በእርግጥ መፍሰሱን የሚያይ። አንዱ ብቻውን አይበቃም። ፓምፑ እየዞረ ውሃ ላይስብ ይችላል። ስዊቹም ተጣብቆ «ይፈሳል» እያለ ሊቀር ይችላል። መፈተሽ ቀላል ነው። ወደ መለኪያው ክፍል የሚገባውን ቫልቭ ዝጉ። ማሽኑ ወዲያው «ፍሰት የለም» ብሎ ፓምፖቹን ካላቆመ በዚያ ቀን ማንም አይዋኝ። እኔ ካሊብሬሽን ባደረግሁ ቁጥር ይህን እሞክራለሁ፤ ቫልቩን መዝጋቴ ላይቀር።

እኛ ቤት ማሽኑን የተከለው ሰው ሁለቱን ጀሪካን አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር ያስቀመጣቸው። ያማረ ቁም ሣጥን፣ በር ያለው። አሲዱ ጨው አሲድ ነበር፤ ሃይድሮክሎሪክ የሚባለው። ክዳኑ ቢዘጋም ይተናል። ብዙም ሳይቆይ የበሩ ማጠፊያ ዛገ፣ የኮንትሮለሩ ብሎኖች ቡናማ ሆኑ። አሲዱን አውጥቼ በማዶ ግድግዳ፣ ውጭ፣ የራሱ ገበታ ውስጥ አደረግሁት። ክሎሪኑ ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ ቀረ፤ ሙቀትና ብርሃን ጉልበቱን ይጨርሱታልና። ገበታዎቹ፣ ጀሪካን ቢያፈስ ሙሉውን የሚይዙ፣ ለየብቻ ናቸው። መቅጃዎቹም ለየብቻ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። እንግዳ እንኳ ሊሳሳት አይችልም። አሲድ ሲቀጥን አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ጓንትና መነጽር ሳይደረግ ክዳን አይከፈትም።

የሚገርመኝ አንድ ታሪክ አለ። የመስታወቱን የፒኤች ፕሮብ በ1909 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር ነው። በዚያው ዓመት ዴንማርካዊው ሶረንሰን የፒኤችን መለኪያ ራሱን አስተዋወቀ። ይኸው ሃበር በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ በጦር ሜዳ የተለቀቀውን የክሎሪን ጋዝ መርቷል። መለኪያውም ጋዙም በአንድ ሰው እጅ አለፉ። የፓምፕ ክፍሌ በር ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ሳነብ ትዝ ይለኛል።

አልካሊኒቲን፣ ማለትም ውሃው የፒኤች ለውጥን የሚቋቋምበትን አቅም፣ በአጭሩ። ከ80 እስከ 120 ፒፒኤም ይባላል። ሲያንስ ፒኤቹ ይዘላል፣ ማሽኑም እያሳደደው ይዋዥቃል። ሲበዛ ፒኤቹ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋል፣ አሲድ ይፈጃል። አሲድ ራሱ አልካሊኒቲን ቀስ በቀስ ስለሚበላ፣ አልፎ አልፎ ሶዲየም ባይካርቦኔት መጨመር ግድ ይላል። ይህን ማሽኑ አያደርግላችሁም፤ አልካሊኒቲን የሚለካ ፕሮብ የለውም። ክሎሪናቸውን ከጨው የሚሠራ ማሽን ያላቸውም የላይኛው ሁሉ ይመለከታቸዋል፤ እነሱ ጋ ፒኤች ወደ ላይ የመውጣት ዝንባሌው እንዲያውም ይብሳል።

የባለቤቴ ወንድም በቅርቡ ማሽን ሊገዛ ነው። ደውሎ «የትኛው ምርጥ ነው?» አለኝ። በስልክ የሚታዘዝ፣ ግራፍ የሚያሳይ፣ ማታ ማታ መልእክት የሚልክ አለ። ጥሩ ነው፤ ግራፉ ደስ ይላል። እኔ ግን አንድ ነገር ጠይቅ አልኩት፤ «የኬሚካል ፓምፑ ያለማቋረጥ ስንት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ራሱን ያቆማል?» መልስ የሌለው ማሽን አይገባም። በእኛ ገንዳ በሰዓት 1.5 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ 1 ፒፒኤም ለመጨመር 20 ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። አንድ ሰዓት አፍስሶ ቁጥሩ ካልተነሳ፣ ወይ ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ ወይ ፕሮቡ ሞቷል። በሁለቱም መንገድ ቆሞ ሰው መጥራት አለበት።

ቤተሰቡ ለጥቂት ቀናት ሲወጣ ደግሞ ጀሪካኑን ሞልቼ አልሄድም። ሒሳቡ ቀላል ነው። 60 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 10 በመቶ ክሎሪን ሙሉውን ቢያፈስ 45 ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ130 ፒፒኤም በላይ ይሆናል። 10 ሊትር ብቻ ካለበት ግን፣ ማሽኑ አብዶ ሁሉንም ቢደፋው እንኳ 22 አካባቢ ላይ ያበቃል። ያኔ ልጆቹን ለጥቂት ቀናት መከልከል ነው እንጂ ውሃውን መድፋት አይመጣም። ስለዚህ 10 ሊትር ቀድቼ፣ መስመሩን አስምሬ፣ ቀኑን ጽፌ እሄዳለሁ።